ለታርጋ እድሳት የተሰለፍንበት ጠዋት

ይህን ታሪክ በአፌ ልነግር ስጀምር ሰው ሁሉ መሃል ላይ እያቋረጠ ስለ ራሱ መኪና ያወራኛል። "የኔም እኮ መብራቷ በርቷል" ይላል አንዱ። "እኔማ ምርመራውን ወድቄ ልመለስ ነው" ትላለች ሌላዋ። በዚህ ዓይነት መጨረሻው ላይ ሳልደርስ እንለያያለን። በጽሑፍ ላድርገው ያልኩት ለዚህ ነው። እዚህ ማንም አያቋርጠኝም።

ያኔ ዴንቨር ውስጥ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ከገዛን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ባለቤቴ ሳምሶን ረጅም መንገድ ትራክ ይነዳል፤ ሳምንቱን ውጭ ያሳልፍና ለሁለት ቀን ቤት ይገባል። እኔ ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸጊያ ክፍል እሠራ ነበር። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም አጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ ሦስተኛውን ጊዜ ደስታችንን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የያዝነው። የሕፃን አልጋ አልገዛንም። ስም አላወጣንም። ሳምሶን ሆዴን ሲነካ እንኳ እንደሚሰበር ዕቃ ነበር የሚነካው።

ሰባት ሰው የምትይዝ አሮጌ ቫን ነበረችን። ከላይ ስትታይ ደህና ናት። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ነገር ከሥር ብረቷን እንደበላው ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? ክሩስኮቱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጂን የምንላት፣ ከበራች ከርማለች። ለምደናት ነበር። ድምጿም ከፍ ብሎ ነበር፤ ሳምሶን በስልክ "የምን ድምፅ ነው?" ሲለኝ "አርጅታለች እኮ" እለዋለሁ።

ብርዱ ከገባ ጀምሮ ራስ ምታት ያዘኝ። ሥራ ስደርስ ግንባሬ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ያቅለሸልሸኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ይለቀኛል። ቤት ስገባ ደግሞ ተመልሶ ይይዘኛል። ለሐኪሜ ነገርኳት። ደም ግፊቴን ለካች፣ ደሜን አየች፣ ሁሉም ደህና ነው። ውኃ ጠጪ፣ እረፍት አድርጊ አለችኝ። መኪና ውስጥ ነው የሚጀምረኝ ብዬ አልነገርኳትም፤ እኔም ራሴ አላስተዋልኩትም። ነፍሰ ጡር ሴት ያማታል፤ ሁላችንም የምናውቀው ይህንን ነው።

በዚያ ሰሞን የታርጋ ማደሻ ጊዜያችን ደረሰ። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ መኪናችሁ አሮጌ ከሆነ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ፣ ኤሚሽን ቴስት የሚባለውን፣ ሳታልፉ ታርጋ አይታደስላችሁም። ጀርመን የሚኖር ወንድሜ ኤልያስ በምርመራው ዋዜማ ሲደውልልኝ ይህን አንስቼ ተማረርኩበት።

"እናንተማ ተመችቷችኋል" አለኝ። "እኛ ጋ መስታወትሽ ላይ አረንጓዴ ስቲከር ካልለጠፍሽ መሃል ከተማ አትገቢም። መኪናሽ ምን ያህል እንደሚያጨስ ታይቶ ነው የሚሰጥሽ።"

"ለጭስ ደግሞ ቪዛ ጀመሩ?" ብዬ ሳቅሁበት።

"ሳቂ! ክልል ነው የተከለለው። ጭሱ የበዛ መኪና ከክልሉ ውጭ ይቀራል። እናንተ ጋ ክልል የለም፤ በታርጋ ነው የሚይዙሽ። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ጥያቄው ከኋላሽ ያለው ሰው ምን እየተነፈሰ ነው የሚለው ነው።"

ከኋላዬ ያለው ሰው። ይህን ቃል እንዴት ብሎ እንደተናገረው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "በማሽን መብራቷን ላጥፋልሽ፣ ለጥቂት ቀን ትነጃትና ታልፊያለሽ" ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬው ነበር። ግን ያን ሳምንት አልተመቸውም፤ እኔ ደግሞ ነፃ የሆንኩት ያችን ቅዳሜ ብቻ ነው። እንዲሁ ሄጄ ልሞክር አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ኦሮራ ነዳሁ፤ እትዬ በላይነሽን ለመውሰድ። እትዬ በላይነሽ የእናቴ ጓደኛ ነበሩ፤ በሱዳን በኩል በስደት ከመጡት የድሮዎቹ ናቸው። እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ የማስገዛቸው እኔ ነኝ። እንደ ወትሯቸው የጎኑን በር ከፍተው ከኋላ ገቡ።

"ፊት ይቀመጡ እንጂ እትዬ፣ ታክሲ ነጂ አስመሰሉኝ እኮ።"

"ተይኝ ልጄ። ፊት ስቀመጥ መኪናው ሁሉ እኔ ላይ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ።"

ቀኑ ነፋስ የሌለው፣ የሚቆረጥም ብርድ ነበር። ተራሮቹ አይታዩም፤ ከተማው ላይ ቡናማ ጉም የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ምርመራ ጣቢያው ስንደርስ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገዱ ዳር ድረስ ተዘርግቷል። ስትጠብቁ ሞተር አጥፉ የሚል ምልክት ቆሟል፤ በዚያ ብርድ ግን ያጠፋ ሰው አላየሁም። እኔም አላጠፋሁም። የመኪና ርዝመት ያህል እንሄዳለን፣ እንቆማለን፣ ደግሞ እንሄዳለን።

ራሴን ያዘኝ። ማቅለሽለሹም መጣ። መስኮቴን በጣት ስፋት ያህል ዝቅ አደረግኩና አፍንጫዬን ወደ ብርዱ አስጠጋሁ።

"ዝጊው እንጂ፣ ልጄ፣ በረደኝ!" አሉ ከኋላ።

"ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው።"

"እኔንም እኮ ዛሬ ራሴን ወጥሮኛል። አንቺስ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ ልበል? በዚህ ዕድሜዬ አንቺን ተከትዬ አረገዝኩ?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አንድ ነገር ማውራት ጀመሩ። ወሬው መሃል ላይ ቀረ። በመስታወቱ ሳያቸው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣል አድርገዋል። ተኝተዋል ብዬ ሬዲዮኑን ቀነስኩላቸው። ጸጥ ያለ፣ የሞቀ፣ የሚያባብል እንቅልፍ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው። የኔም ዓይን መከደን ጀምሮ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ያለው መኪና ሲሄድ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ ነፍቶ ነበር የሚያነቃኝ።

ተራችን ደረሰ። የምርመራው በር ላይ ወፍራም ጓንት ያደረገች፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ ሴትዮ ቆማለች። መስኮቴን እስከ ታች አወረድኩት። "እንደምን አደርሽ" ልትለኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። ራሷን ዘንበል አድርጋ ወደ መኪናዋ ሆድ አዳመጠች። ከዚያ ፊቴን አየች።

"ሞተሩን አጥፊው።"

"ይቅርታ?"

"አሁኑኑ አጥፊው። ጭስ ማውጫሽ ከሥር ተሰብሯል። እንዲህ ሆኖ ወደ ውስጥ አላስገባውም።"

ወደቅኩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ሰልፍ! ቁልፉን አዞርኩና ልለምናት ጀመርኩ። "እባክሽ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ባለቤቴ የለም፣ ተመልሼ መምጣት..."

ነፍሰ ጡር የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። "ራስሽን ያምሻል?"

"አዎ፣ ግን እሱ ከእርግዝናው..."

"ከኋላ ያሉትስ?"

"ደክሟቸው ተኝተው ነው።"

የጎኑን በር ስባ ከፈተችው። እትዬ በላይነሽ ተደግፈውበት የነበረው ነገር ሲሸሽባቸው ወደ ውጭ ዘመም አሉ፤ ሴትዮዋ በደረቷ ተቀበለቻቸው። ትከሻቸውን ነቀነቀች። "እመቤት! እመቤት! ይሰሙኛል?" አይሰሙም። እጃቸው እንደ ጨርቅ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ጮኸች፤ ሁለት ሰዎች ሮጠው መጡ፤ እትዬን ብርዱ ላይ አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እኔም በሬን ከፍቼ ወረድኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "እትዬ! እትዬ በላይነሽ! የእናቴን አደራ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ምን ማለቴ እንደነበር አላውቅም።

አምቡላንሱ ሳይደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። አስመለሳቸው። ከዚያ ዙሪያውን አዩና በአማርኛ "የት አመጣችሁኝ?" አሉ። እዚያ ከነበሩት ማንም አልገባውም፤ እኔ ግን እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

አምቡላንስ ውስጥ ለሁለታችንም የኦክስጅን ጭምብል አደረጉልን። ጣቴ ላይ የሰኩት ማሽን የሚያሳየው ቁጥር ደህና ነበር። "ደህና ነኝ ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። "ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህችን ማሽን ያታልላታል። ኦክስጅን ይመስላታል። ደምሽ ካልታየ አይታወቅም።" ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም አለኝ። ከጭሱ ጋር ይወጣና በተሰበረው በኩል ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውን ያስተኛል፤ አንዳንዱን አያስነሳውም።

"ልጄስ?" አልኩት።

"እየደረስን ነው" አለኝ።

ሆስፒታል እትዬን በአንድ በኩል፣ እኔን በሌላ በኩል ወሰዱን። አንዲት ነርስ ሆዴን ቀባችና የልብ ምት መፈለጊያውን አስቀመጠች። ያንን ማሽን አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ከፊቱ ተኝቼ ዝምታውን ሰምቻለሁ። ነርሷ ወደ ግራ ወሰደችው። ዝም። ወደ ታች። የራሴ ልብ ብቻ ነው የሚሰማው። ጣሪያውን እያየሁ "አሁን ሐኪም ልጥራ ትላለች፤ ያለፈውም እንዲህ ነው የጀመረው" እላለሁ። ነርሷ መሣሪያውን አነሳችና ከጎኔ በኩል፣ ዝቅ አድርጋ ተጫነችው።

እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ክፍሉን ሞላው።

"ይኸውልሽ" አለች ነርሷ። "ይኸውልሽ፣ እዚህ ተደብቃ ነው።" ሴት መሆኗን ያወቅሁት በዚያ ቃል ነው። አላስነገርንም ነበር፤ ለማወቅ ፈርተን።

ጉዳዩ ግን አላለቀም ነበር። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ አጠገቤ ተቀመጠ። ደሜ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ብሏል፤ የእትዬ ደግሞ ከኔም ይብሳል። "አንቺ ኦክስጅን ስትተነፍሺ ያንቺ ደም ይጠራል። የሕፃኗ ግን ካንቺ ዘግይቶ ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ተሻለኝ ብለሽ መነሳት የለም። ከፍ ያለ የአየር ግፊት ያለው ክፍል ውስጥ እናስገባችኋለን፤ እዚያ ኦክስጅኑ በደንብ ይደርሳታል።"

ከመግባቴ በፊት ሳምሶን ጋ ደወልኩ። ነብራስካ ውስጥ እየነዳ ነበር። መጀመሪያ "መኪናውን ዳር አቁም" አልኩት።

"ምን ሆንሽ? ሄለን፣ ምን ሆንሽ?"

"መጀመሪያ አቁም።"

ፍሬኑ ሲተነፍስ በስልኩ ሰማሁት። ነገርኩት።

"ልቧ ይመታል?"

"ይመታል።"

"ይመታል" አለ። "ይመታል፣ ይመታል።" ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው።

ያ ክፍል ከአውሮፕላን የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል፤ ክብ መስኮቶች አሉት፣ ወንበሮች አሉት፣ በሩ ሲዘጋ ጆሮ ይደፈናል። እትዬ በላይነሽ ቀድመውኝ ገብተው ተቀምጠዋል። ሁለታችንንም አንገት ድረስ የሚደርስ፣ ኦክስጅን የሚገባበት፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቆብ አጠለቁብን። ቆቡ ውስጥ ሆነን መነጋገር አልቻልንም። እትዬ መጀመሪያ አማተቡ። ከዚያ እኔን ጠቆሙ፣ ራሳቸውን ጠቆሙ፣ ቆቡን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ጨረቃ ልንሄድ ነው እንዴ ማለታቸው ነው። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ልጄ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ልቧ ይመታል ብለውኛል፤ እሱን ይዤ ዝም ብያለሁ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልጸለይኩም፤ ቃል አልመጣልኝም። ተቀምጬ ብቻ ጠበቅሁ። ከዚያ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር ተገፋ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ በርታ ብሎ። በተከታታይ መታችኝ፤ የተቆጣች ትመስል ነበር። የእትዬን እጅ ስቤ እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። በቆቡ ውስጥ አፋቸው ሲከፈት አየሁ። እልል እያሉ ነበር። ለኔ አይሰማኝም፤ በመስኮቱ የሚጠብቀን ባለሙያ ግን ደንግጦ ማይክሮፎኑን አንስቶ "እመቤት፣ ደህና ነዎት?" አለ።

ሳምሶን በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። መካኒኩ ቫኗን ከፍ አድርጎ አሳይቶታል። የሞተሩን ድምፅ ከሚያፍነው ማርሚታ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ለሁለት ተሰብሯል፤ እትዬ በላይነሽ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ደግሞ ብረቱ ዝጎ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። መስኮቴን በጣት ስፋት መክፈቴ እኔን አነቃኝ፤ እሳቸው ግን ቀዳዳው ላይ ነበሩ።

ልጃችን በጊዜዋ ተወለደች፤ ሙሉ ጤነኛ። ሐኪሞቹ ለረጅም ጊዜ ተከታተሏት፤ አንጎሏን፣ መስማቷን፣ አካሄዷን። በእያንዳንዱ ቀጠሮ "ደህና ናት" ይሉኛል። የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ሐኪሟ "ከዚህ በኋላ ለዚህ ጉዳይ አታምጧት" አለችን። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናችን ውስጥ ገብተን፣ ሞተር ሳናስነሳ፣ ሳምሶንና እኔ ተቃቅፈን ቆየን።

ምርመራ ጣቢያው ላይ የነበረችውን ሴት ላመሰግናት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሥራ ቀይራ ሄዳለች አሉኝ። ስሟን አላውቅም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። "ወድቀሻል፣ ቀጥይ" ብላ ልታሰናብተኝ ትችል ነበር። እኔም መስኮቴን ዘግቼ፣ ተናድጄ፣ በሀይዌዩ ወደ ቤቴ እነዳ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጦብኛል። የጭስ ምርመራ ለኔ ታርጋ እንዳይታደስ የተቀመጠ እንቅፋት ነበር። ለመንግሥት የማደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ኤልያስ ያለበት አገር ሄጄ ያቺን አረንጓዴ ስቲከር ሳይ አልሳቅሁም። አንድ ሰው መኪናው ለሌላው ሰው ሳንባ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ መስታወቱ ላይ ለጥፎ መሄዱ ነው። እኛ ጋ ያ ምልክት የለም፤ እኛ ጋ ያለው ያቺ ቢጫ መብራት ናት። እባካችሁ አታስጠፏት። መካኒካችሁን ጠይቁ፤ ምን ልትነግራችሁ እንደፈለገች ስሟት። ምርመራ ማለፍም ብቻውን አይበቃም፤ መኪናችሁ ድምጿ ከተለወጠ፣ ከሥር አሳዩአት። በክረምት ሞተር አስነስታችሁ ጋራዥ ውስጥ አታሙቋት፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ከሁሉም በላይ ራስ ምታታችሁ መኪና ውስጥ የሚጀምርና ስትወርዱ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ አብሯችሁ የተሳፈረውም ሰው ራሴን አመመኝ ካለ፣ አትሳቁ። መስኮቱን ክፈቱ፣ አቁሙ፣ ውረዱ።

እትዬ በላይነሽ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛ ጋር ናቸው። አሁን ይህን ስጽፍ ከበሩ አጠገብ ከልጄ ጋር ይከራከራሉ። "ይኼኛው የግራ ነው፣ እዚህ እግርሽ ላይ ነው የሚገባው" ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ጫማውን ደረቷ ላይ ይዛ "ኖ! ማይ ሹ! ማይ ሹ!" እያለች ትጮሃለች። "ሹ ብሎ ነገር የለም፣ ጫማ በይ!" ይላሉ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ቤቱን ሁሉ ሞልተውታል። "ዝም በሉ፣ እየጻፍኩ ነው" ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት።